የስውር ሳንቲም ተጠቃሚዎች ግልጽ ምዝገባ

ሰው ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ለጎረቤቱ ባይናገር ያምርበታል፤ ለመሥሪያ ቤት ግን ሊናገር ይገባዋል። ይህ ታላቅ እውነት የተገለጠለት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ክብሩ አይጓደልና፣ «የስውር ሳንቲም ተጠቃሚዎች ግልጽ ምዝገባ ክፍል»ን አቋቋመ። ስውር ሳንቲም ማለት ከስልክ ወደ ስልክ የሚላክ፣ ማን ለማን ስንት እንደላከ ማንም የማያይበት የክሪፕቶ ገንዘብ ነው። ማንም አያይም ከተባለ ደግሞ የሚያይ ክፍል ያስፈልጋል። ይህ ያልገባው ሰው መንግሥት ምን እንደሆነም አልገባውም።

ለክፍሉ አሥር ሠራተኞች፣ አራት ወንበሮች፣ አንድ ማኅተምና አንድ ኃላፊ ተመደቡለት። ኃላፊው ሃያ ሁለት ዓመት ምድር ቤት ባለው መዝገብ ቤት አቧራ ሲውጡ ኖረው፣ በስተርጅና መስኮት ያለው ቢሮ የደረሳቸው ሰው ናቸው። መስኮቱን ይወዱታል። ጠዋት ጠዋት በገዛ መሐረባቸው ይወለውሉትና ከጀርባው ያለውን የመኪና ማቆሚያ እንደ ባሕር ይመለከታሉ።

የመጀመሪያ ሥራቸው ማስታወቂያ ማውጣት ነበር። ዋናው በር ላይ ተለጠፈ፦ «ማንነታችሁን የደበቃችሁ ሁሉ፣ ማንነታችሁን የሚገልጽ መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ በሥራ ሰዓት ቅረቡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሳንቲሙን የደበቀ ይቅርታ የለውም።» የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ኃላፊው ራሳቸው ናቸው የፈጠሯት፤ ሁለት ቀን ተጨንቀውባታል።

ሦስት ወር ሙሉ ማንም አልቀረበም። አንድ ሽማግሌ ብቅ ብለው ነበር፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቀው ሄዱ።

ኃላፊው ግን ደስ አላቸው። ችግር ካልተገኘ ችግር የለም ማለት ነው ብለው ሪፖርቱን በደማቅ ቀለም አሳተሙና ለዋና ዳይሬክተሩ አቀረቡ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«ዜሮ ምንድን ነው?»

«ክቡርነትዎ፣ ችግሩ የለም ማለት ነው።»

«ዕቅዱ ስንት ይላል?»

«አሥራ ሁለት ተጠቃሚ።»

«ከአሥራ ሁለት ዜሮ ስንት ፐርሰንት ነው?»

ኃላፊው በልባቸው አሰሉት፤ ሁለት ጊዜም አሰሉት። «ዜሮ ፐርሰንት ነው» አሉ።

«ችግር ከሌለ ክፍልም የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ አሥራ ሁለቱ ካልተገኙ ወደ መዝገብ ቤትዎ ይመለሳሉ።»

አንባቢ ለመፍረድ አይቸኩል። በዚያ መሥሪያ ቤት ሥራ የሚለካው በቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ከፍ ካለ መልካም፣ ዝቅ ካለ ክፉ ነው። የእሳት አደጋ ክፍሉ እሳት ያልተነሣበት ዓመት «አፈጻጸሙ ደካማ ነው» ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል።

ኃላፊው ሲጨንቃቸው ትዝ ያላቸው የገዛ ሳሎናቸው ነው። በከተማው የታወቀው ብቸኛ የስውር ሳንቲም ተጠቃሚ እዚያው ሶፋቸው ላይ ይተኛል፤ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነው፣ ሰፈሩ «ስውሩ» ይለዋል። ስውሩ ከመንግሥት ነፃ የወጣ ሰው ነው፤ ይህንንም ላልጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ማንም እንዳያየው የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፍኗል። «ማን እንደሆንኩ አታውቁም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ስለሚለብስም ሰፈሩ በሙሉ ከሩቅ ያውቀዋል። ለነፃነቱ የሚያስፈልገውን መብራት፣ ኢንተርኔትና ራት የሚሸፍኑት የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆኑት የእህቱ ባል ናቸው።

«ተመዝገብልኝ» አሉት ኃላፊው ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መንግሥት የሚባል ነገር አላውቅም።»

«ቁርስ ያበላህ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔንስ?»

ስውሩ ጥያቄው ወጥመድ እንዳለበት ገባውና ፊቱን ወደ ላፕቶፑ መለሰ።

«ተወው ልጁን» አለች ባለቤታቸው ከማድ ቤት። «ወንድሜን ለመሥሪያ ቤትህ ቁጥር ልታደርገው ነው?»

«እሱ ቁጥር ካልሆነ እኔ ምድር ቤት ልወርድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ወረድኩ፤ አይበቃኝም?»

ድምፃቸው ሲሰበር ስውሩ ሰማ። እውነቱን ለመናገር ሆደ ቡቡ ነው፤ በደሉ አፉ ላይ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ለምን እናንተው ተጠቃሚ አትሆኑም?» አለ። «ፕሮግራሙ ኦፕን ሶርስ ነው። እንዴት እንደተሠራ ማንም ያነበዋል፤ በነፃ ይወርዳል፤ ሳንቲሙ የሚቀመጥበትን ቦርሳ ስልካችሁ ላይ መክፈት ነው።»

«ክፍት ነው ነው የምትለኝ?»

«ወለል ብሎ።»

«ወለል ካለ ታዲያ ለምን አይታይም?»

«ጓጉንቸር እንዴት እንደሚሠራ ቁልፍ ሠሪ ሁሉ ያውቃል አይደል? ስላወቀ ግን የእርስዎን ሳጥን አይከፍትም።»

ለኃላፊው የመሥሪያ ቤታቸው ሲስተም የዚህ ተገላቢጦሽ እንደሆነ ታወሳቸው። አሠራሩ ጥብቅ ምስጢር ስለሆነ የሚሠሩበት ሰዎች እንኳ አያውቁትም፤ ውስጡ ያለውን መረጃ ግን ዘበኛውም ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት የደም ግፊታቸውን ውጤት ከሐኪማቸው ቀድሞ የነገራቸው ዘበኛው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቻቸውን ሰበሰቡ። «ክቡራን ባልደረቦቼ» አሉ መስኮቱን ደገፍ ብለው፣ «አውሬ ሊቆጥር የፈለገ ጫካ ይገባል። አውሬው ጫካ ውስጥ ካልተገኘ ግን ቆጣሪው ራሱ አውሬ ሊሆን ይገባዋል።» ተጨበጨበ። አስተማሪ ሆኖ የተጋበዘው ስውሩ በር ላይ ሲደርስ የእንግዳ መዝገቡ ላይ «ማንም» ብሎ ፈረመ፤ ዘበኛው ሰርዞ «የኃላፊው ሚስት ወንድም» ብሎ አስተካከለለት።

እስከ እኩለ ቀን አሥሩ ሠራተኞችና ኃላፊው ቦርሳ ከፈቱ፣ ቅጽ ሞሉ፣ ተመዘገቡ። አሥራ አንድ። አንድ ጎደለ። ሁሉም ወደ ስውሩ ዞሩ።

«አልችልም። የሕይወት መርሔ ነው» አለ ስውሩ።

«ያስተማርክበት አበል አለህ» አለች ጸሐፊዋ በትሕትና። «ያለ ቅጽ ግን አይወጣም።»

ስውሩ ስለ ነፃነት ለአንድ ደቂቃ ያህል አሰበ። ከዚያም «ማን እንደሆንኩ አታውቁም» የሚለውን ካናቴራ ለብሶ የተነሣውን ጉርድ ፎቶ ከኪሱ አወጣ፤ ማኅተም ተመታበት። መቶ ፐርሰንት ሆነ።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ሁሉም በሰላም ይኖር ነበር። ችግሩ፣ ቦርሳው ሠራ። ጸሐፊዋ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋን ከፊሉን እዚያ አስገባች፤ በዘጠኝ የሥራ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት እንዳገኘች ዘመዶቿ ሳያውቁ ቀሩ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ማየት ጀመሩ። ኃላፊውም ከደመወዛቸው ጥቂት ወደዚያ አሻገሩ። ባለቤታቸው አልጠየቀችም፣ ዘበኛው አልነገራቸውም፣ ሲስተሙ አልጮኸም። ጥቂት ብትሆንም የእሳቸው ብቻ ናት። ደስ አላቸው፤ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

በወሩ መጨረሻ ዳይሬክተሩ የምስክር ወረቀት ይዘው ብቅ አሉ። «ኮርቼባችኋለሁ» አሉ። «አሁን ምዕራፍ ሁለት። የተመዘገቡት አሥራ ሁለቱ ቦርሳቸውን ከፍተው ያሳያሉ።» ዝርዝሩንም ማንበብ ጀመሩ። «አንደኛ፣ የምዝገባ ክፍሉ ኃላፊ። ሁለተኛ፣ የምዝገባ ክፍሉ ጸሐፊ። ሦስተኛ፣ የምዝገባ ክፍሉ…» አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «በሉ እንጂ። ከኃላፊው እንጀምር።»

ኃላፊው ወደ ስልካቸው አዩ፤ ምድር ቤቱ፣ አቧራው፣ ደብዛዛ አምፖሉ ዓይናቸው ላይ መጣባቸው። ስልኩን ኪሳቸው ከተው ቆሙ።

«ክቡርነትዎ፣ ይሄ… ይሄ የግል ጉዳዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ሕንፃ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ጸሐፊዋ ዓይኗን ጨፈነች።

ዳይሬክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በግድ ቢከፈትስ? የኛ ባለሙያ ቢሞክረው?»

«አይከፈትም፤ አይታይም።»

«ኦዲተርም አያየውም?»

«አያየውም።»

«ባለቤትስ?»

«ባለቤትም አታየውም፣ ክቡርነትዎ።»

ዳይሬክተሩ ተነሡ። በሩን ዘጉ። መያዣውን ነቅነቅ አድርገው መዘጋቱን አረጋገጡ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ኃላፊው ፊት አኖሩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለእኔም አንድ ክፈቱልኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ግን እንዳታስገቡኝ።»

ኃላፊው ከቢሯቸው አልተነሡም፤ እንዲያውም የክፍሉ በጀት በእጥፍ አድጓል። የዘንድሮው ዕቅድ አሥራ ሦስት ተጠቃሚ ነው። አሥራ ሦስተኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ዳይሬክተሩም በየስብሰባው ጠረጴዛ እየደበደቡ «ይሄ ሰው የት ነው የተደበቀው?» ይላሉ።