መጽሐፌን ላይብረሪ ረስቻለሁ

«አላውቅም» ከሚል ሞቱን የሚመርጥ መምህር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ።

ጎሮ በማስተምርበት ክፍል ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲለኝ፣ የክፍሉን አለቃ «መጽሐፌን ላይብረሪ ረስቻለሁ» ብዬ እልካለሁ። የላይብረሪ ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘሃራ ነገሩ ይገባቸዋል። «መምህር፣ ይኸው መጽሐፍዎ» እያሉ ያንኑ ቀይ መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ፕሮጀክተሩን አብርተውልኝ ይወጣሉ። ክብሬ ሁለት ዓመት በዚህ ኖረ።

ባለፈው ሳምንት ጡረታ ሲወጡ መጽሐፉን ትተውልኝ ሄዱ። ሰኞ ፕሮጀክተሩ እንደገና እምቢ አለ። የማደርገው ሲጠፋኝ መጽሐፉን ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጃቸው የጻፉባት፣ ከመቆየቷ ብዛት ቢጫ የሆነች ወረቀት አገኘሁ፦ «መጀመሪያ ገመዱን ይሰኩ። ከዚያ አረንጓዴውን ይጫኑ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ይህን መጽሐፍ አንድ ቀን እንኳ ሳልገልጥ፣ ልጆቹን «አታነቡም» እያልኩ ስቆጣ ነበር።