በሽማግሌ ላይ የተመዘዘ ቢጫ ካርድ

በአገራችን «ምን ትማራለህ?» ተብሎ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ብሎ የመለሰ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ያውቀዋል። «እሱም ትምህርት ነው እንዴ?» ከጎጃም በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ አርባ ምንጭ የቀረው አባቴ ለዚህ መላ ነበረው፤ ለጎረቤት ሲያወራ «ልጄ ጤና ነው የሚማረው» ብሎ ግማሹን ይውጠዋል። በዚህ የተነሳ ስለ ደም ግፊታቸው የሚያማክሩኝ እናቶች በዙ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ «ጨው ይቀንሱ» እላለሁ። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩ ሚሊኒየሙን ተቀብለን ብዙም ሳንቆይ ነው። ከትንሿ ዩኒቨርሲቲያችን ለመመረቅ የቀረኝ አንድ የተግባር ፈተና ነበር፤ የእግር ኳስ ዳኝነት። ካለፍኩ ከጓደኞቼ ጋር ጋውን እለብሳለሁ፤ ከወደቅሁ ኮርሱን ለመድገም ዓመት እጠብቃለሁ። ፈተናው ከአርባ ምንጭ ወጣ ብላ በምትገኘው ጫኖ፣ በሙዝ ማሳ በተከበበ ሜዳ ላይ፣ ሁለት ጎረቤታም ሰፈሮች ሲጋጠሙ ሆነ። መምህሬ ቅጹን ይዞ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጠ። እንግዲህ ልንገራችሁ፤ ስለ ጽናት ሩጫ በጽሑፍ ፈተና የሚደርስብኝ አልነበረም። እግሬ ግን አብሮኝ አላጠናም።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ለአንድ እንደሆኑ፣ ኳሷ ወደ ግቡ ስትነጉድ እኔ መሀል ሜዳ ጉልበቴን ይዤ አለከልካለሁ። ቀና ስል አንድ አጥቂ ግቡ አፍ ላይ ተዘርሯል። ማን ጣለው? አላየሁም። መምህሬ ግን እኔን እያየኝ ነው። ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ፍጹም ቅጣት ምት!

ሜዳው ተቀወጠ። ግፊያው ወደ ቡጢ፣ ቡጢው ወደ ድንጋይ ሊያልፍ ሲል ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ነጭተው ገቡና መሀል ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ያንን አልፎ የሚሄድ የለም። ድንጋይ ያነሳው ድንጋዩን ጣለ፤ ሁሉም ባለበት ቆመ። ከእኔ በቀር። «ያለ ዳኛው ፈቃድ ሜዳ የገባ» የሚለውን ሸምድጃለሁና፣ ካርዱ ለተጫዋች መሆኑን እንኳ ረስቼ፣ በተንበረከኩት ትልቁ ሽማግሌ ራስ ላይ ቢጫ መዘዝኩ። እዚያው ተወልጄ እዚያው ያደግሁ ሰው! የማርክ ነገር እንዲህ ያሳውራል። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁብኝ በተሻለኝ።

ሽማግሌው ካርዱን ሽቅብ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ልጅ ሲወድቅ አንተ አይተሃል?»

ሣሩ ፊት ለፊቴ ነው። መምህሬ እስክሪብቶውን አንስቷል። አፍሬም ፈርቼም ነበር።

«አላየሁም፣ አባቴ። ሩቅ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ነፋህ?»

«ለማርክ» አይባል ነገር። ካርዱን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ቅጣቱ ቀረ፤ ቀሪው ደቂቃ በሰላም አለቀ፤ ተጫዋቾቹ ተቃቅፈው ወጡ። እኔ ወደቅሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እኔ ለመልቀም አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ ካሜራ ያዡ እኔ ነበርኩ፤ እየሳቅሁ አነሳኋቸው እንጂ አንጀቴ አሮ ነበር።

በዓመቱ አልፌ ተመረቅሁ፤ አሁን አስተማሪ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ላላየሁት ነገር ፊሽካ አልነፋም፤ «አላየሁም» እላለሁ፣ ያውም በኩራት። ተማሪዎቼም ይህን የመምህራቸውን ሐቀኝነት እጅግ ያከብራሉ። ስለዚህ ጥፋት ሁሉ የሚፈጸመው ከጀርባዬ ነው።