ለማይለቅ ስቅታ የታዘዘው ክኒን

ምንጮቼ የራሴ ዓይንና የአንድ የክሊኒክ ድሬሰር ቃል ናቸው፤ ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ላይ መሆኑን እንጂ ዓመቱን አላስታውስም።

አንባቢ ሆይ፣ ስቅታን በሐሰት ክስ አስደንግጦ የሚፈውስ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ከተማችን በእነዚህ ሐኪሞች ተጥለቅልቃ ነበር! ኦቦ ቶለሳን ስቅታ በያዛቸው በሦስተኛው ቀን፣ በመሬት ክርክራቸው ዋዜማ፣ ልብስ ሰፊው ገበያ መካከል ጮኸባቸው።

«ኦቦ ቶለሳ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሰርቀው የት ሸሸጉት?»

«አዎ፣ ስቅ... ሰርቄያለሁ! ስቅ... ተዉኝ እባካችሁ!»

ይህን ባላጋራቸው ሰማ።

በማግስቱ ድሬሰሩ ለማይለቅ ስቅታ የሚታዘዝ ክኒን ችሎቱ በር ላይ አስዋጣቸው። ወዲያው ችሎቱ ሲሰየም ባላጋራው ተነሣ።

«ጌታዬ፣ እኚህ ሰው ደወል መስረቃቸውን በአደባባይ አምነዋል። የሌባ ቃል እንዴት ይታመናል?»

ኦቦ ቶለሳ በድንጋጤ ክው አሉ። መሬታቸው ሊሄድ ነው!

ዳኛው ግን ሳቁ። «ትናንት እኔም የችሎቱን ማኅተም ሰረቁ ብዬ አስደንግጫቸው ነበር፤ እሱንም አምነውልኛል። ማኅተሙ ይኸው!»

ኦቦ ቶለሳ አንዴም ስቅ ሳይሉ አስረድተው መሬታቸውን አስከበሩ። ስቅታውን ያቆመው ክኒኑ ይሁን የባላጋራው ክስ ግን፣ እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።