ሳይታመም የዳነው ማሳ

አርቆ አሳቢነት ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው ካለ ወደ መሥሪያ ቤታችን ብቅ ይበል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሌላው ዓለም መጀመሪያ ይቆፍራል፣ ከዚያ ጉድጓዱን እያየ ያለቅሳል። እኛ ግን አንድ አካፋ አፈር ሳናነሣ ስለ ጉድጓዱ መዳን ስንጨነቅ ከረምን። ይህን የምለው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ስለሆንኩና ማመስገን እንጀራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከልቤ ነው።

ጉዳዩ የመንገድ ጠጠር ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጉብታ ጠጠር ብቻ እንደሆነ ፍየል እንኳ ታውቃለች። መመሪያው ደግሞ «ጠጠር የሚወጣበት መሬት መልሶ እንዲያገግም አስቀድሞ ይታቀድ» ይላል። ኃላፊያችን ታዲያ ዕቅዱን ከመጨረሻው ጀመሩት። ቁፋሮውን በአንድ መስመር አለፉት፤ ማገገሚያውን ግን በቀለም አሣሉት፦ ሐይቅ፣ ሁለት ዳክዬ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ፈገግ ያለች ሴት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ኃላፊው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ዳክዬዎች በጣታቸው እየነኩ «የእኛ ናቸው» ይላሉ።

አንድ እንከን ብቻ ተገኘ። ጉብታው ለሐይቁ አልበቃ አለ።

«ከመንገዱ ወዲህ ካደረግነው ልክክ ይላል» አለ መሐንዲሱ፤ «ችግሩ ወዲህ ጠጠር የለም። የጎረቤታችን የእማማ የአትክልት ማሳ ነው።»

«ጠጠር የትም አይጠፋም» አሉ ኃላፊው። «እንዲህ ያለ እይታ ግን ከየት ይመጣል?»

መሐንዲሱ የልጆች አባት ነው፤ ፈረመ።

እማማ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት እየሸጡ የሚኖሩት በዚያች ማሳ ነው። ሌላ መሬት የላቸውም። ልናበስራቸው ሄድን።

«እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! መሬትዎ ሊያገግም ነው» አሉ ኃላፊው።

«ምን ሆኖ?»

«ገና ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ከምኑ ነው የሚያገግመው፣ ልጄ?»

ኃላፊው በትዕግሥት አስረዷቸው። «እማማ፣ ያልታመመ አይድንም። እኛ የምናድን ነን። ስለዚህ መጀመሪያ...» እጃቸውን እንደ አካፋ አድርገው አሳዩአቸው።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! ካዳናችሁት በኋላስ ትመልሱልኛላችሁ?»

«እንደነበረ! እንዲያውም ከነዳክዬው!»

ተቆፈረ። ጠጠር አልወጣም፤ የወጣው እንደ ቅቤ የሚቆረጥ ጥቁር አፈር ነው። እንዲህ ያለ ሀብት ሜዳ ላይ አይጣልም ተብሎ በመኪና እየተጫነ «ወደ አስተማማኝ ስፍራ» ተላከ። ጉድጓዱ ውስጥ ያስገባነውን ውሃ መሬቱ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ዳክዬዎቹም፣ ጥሪው ስላልደረሳቸው ይመስለኛል፣ አልመጡም። እማማ ጠዋት ጠዋት እየመጡ አፋፉ ላይ ይቆማሉ። አይሳደቡም፣ አይራገሙም፤ ዝም ብለው ያያሉ። የቢሮዬን መስኮት መዝጋት ጀመርኩ፤ ብርድ ስለሆነ ነው።

ከዚያ የበላይ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተባለ።

«ሙሉት!» አሉ ኃላፊው።

«በምን? አፈሩ እኮ የለም» አለ መሐንዲሱ።

«ታዲያ ምን አለ?»

መሐንዲሱ ወደ ማዶው ጉብታ አየ። «ጠጠር።»

ያ ሁሉ ጉብታ ያለ አንድ ገጽ ዕቅድ፣ ያለ አንዲት ዳክዬ ተንዶ የእማማ ማሳ ላይ የቆፈርነው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ላዩ ተደለደለ፣ ሪባን ተቆረጠ። «ዛሬ የምናስረክበው መሬት ብቻ አይደለም፤ ራዕይ ነው!» አሉ ኃላፊው። ራዕዩ ከእግር ስር ስለሚንከባለል አንዲት ጎብኚ እግሯን ወለም አላት።

እማማ ዶማቸውን ይዘው ገቡ። አንዴ ቢመቱት ቋ አለ። ቢደግሙት እሳት ተፋ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ እኮ ጠጠር ነው!» ብለው ጮኹ።

የኃላፊው ዓይን እንባ አቀረረ። «ሰማችሁ? ጠጠር ተገኘ! ጥናታችን ልክ ነበር!» ጭብጨባው ቀለጠ። ቁፋሮው ባስቸኳይ እንዲጀመር እዚያው ተወሰነ።

እማማ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ። «እሺ፣ ጠጠሩን አወጣችሁት እንበል። ከዚያ በምን ትሞሉልኛላችሁ?»

«በምርጥ ጥቁር አፈር ነዋ! የት እንደሚገኝ ግን ጥናት ይፈልጋል።»

«ምን ጥናት ያስፈልገዋል? አንተ ግቢ ነው ያለው። ጽጌረዳህ መሃል ነጭ ሽንኩርቴ በቅሎ በአጥርህ ቀዳዳ አጮልቄ አይቼዋለሁ።»

ጎብኚዎቹ በሙሉ ወደ ኃላፊው ዞሩ። ኃላፊው ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

«እንዴ፣ እማማ! እሱ መሬት እንዴት ይነካል?» አሉ፤ «ጤነኛ እኮ ነው!»