ዶሮ ያስነሳው የሥነ ምግባር መጽሐፍ

እኔን ብትሰሙኝ ልጆቻችሁን ጨዋ አታድርጉ! ባለጌ ልጅ ቢያዋርዳችሁ ለአንድ ቀን ነው፤ ጨዋ ልጅ ግን ቤት ያሳጣል። ቤት ስላችሁ የምሬን ነው... በርና መስኮት፣ ሁለት ክፍልም ያለው የቀበሌ ቤት!

በአብዮቱ ዘመን አምቦ ነበርን። ሰባት ነፍስ ሆነን ጣሪያዋ በሚያፈስ አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቀናል። ክረምት ሲገባ ከእኔ ይልቅ ባልዲው የተሻለ መኝታ ያገኛል። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊለቀቅ ነው ሲባል ሰምተን ማመልከቻ አስገባን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኦቦ ፈይሳም "ቅዳሜ መጥቼ ችግራችሁን አያለሁ" አሉን። እኛም ዶሮ አረድን። (ጉቦ ነው እንዳትሉኝ! እንግዳ በባዶ ሆዱ ይሸኛል እንዴ?)

በዚያው ሰሞን ለአምስት ዓመቷ ልጄ ለሰናይት መልካም ጠባይ የሚያስተምር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ገዝቼላት ነበር። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነው፤ ወረቀቱ ያብረቀርቃል። አንዱ ገጽ ላይ ድብ ለዳክዬ ማር ያቀርባል። ዳክዬዋ "አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ" ትላለች። ድቡም ማሩን ያነሳል። ከሥሩ "አልፈልግም ያለን ሰው አታስገድድ" የሚል ተጽፏል። ደጋግሜ ያነበብኩላት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው!

ቅዳሜ ኦቦ ፈይሳ መጡ። ባልዲውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤቴ በላይነሽ ዶሮውን ከነእንቁላሉ አቀረበች።

"ላኪ፣ ላኪ! አይሆንም፣ በልቼ ነው የመጣሁት" አሉ፣ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳይነቅሉ።

ሕጉን መቼም ታውቁታላችሁ። እንግዳ እምቢ ይላል፣ እኛ "በሞቴ" እንላለን፣ ደግሞ እምቢ ይላል፣ ደግሞ እንለምናለን... በሦስተኛው እጅጌውን ይሰበስባል።

"ኧረ በሞቴ፣ ኦቦ ፈይሳ!"

"ላኪ፣ እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ!"

ይኼኔ ሰናይት ብድግ አለች። "ጠግቤያለሁ ያለ ሰው አይገደድም" ብላ፣ ሳህኑን በሁለት እጇ አንስታ፣ ጠብታ እንኳ ሳታፈስ ወደ ማድ ቤት ይዛው ሄደች!

ኦቦ ፈይሳ ደንግጠው "ገለቶሚ፣ ኢንተሎ" ብለው ልጅቷን በኦሮምኛ አመሰገኗት። ምን ይበሉ ታዲያ? በላይነሽ ተከትላት ሮጠች። ግን ማድ ቤት ውስጥ የእንግዳ ትራፊ የሚጠብቁ አራት ወንድሞቿ ነበሩ... ስትደርስ የተረፈው አጥንት ብቻ ነው። ሊቀመንበራችን አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። የበላውን እንዲፈጭለት ሰው የሚጠጣውን ውሃ፣ ባዶ ሆዳቸውን! እኔም ቤቱ አብሯቸው እንደሄደ ቆጠርኩት። ያን ቀን ሳፍርም፣ ሳዝንም ዋልኩ።

በሳምንቱ ቀበሌ ተጠራሁ። ኦቦ ፈይሳ አንድ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ቤቱ ለእናንተ ተወስኗል። ትፈልጉታላችሁ?"

ያደግሁበት ጨዋነት ቀደመኝ። "ኧረ አይቸገሩ፣ ኦቦ ፈይሳ... ከእኛ የባሰበት ካለ..."

"እሺ" አሉና ቁልፉን አንስተው ወደ መሳቢያቸው!

"እፈልጋለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ቁልፉን ከነእጃቸው ያዝኩት። "በልጆቼ እምላለሁ፣ እፈልጋለሁ!"

ኦቦ ፈይሳ ቁልፉን ለቀቁልኝ፤ በረጅሙም ተነፈሱ።

"እኔም እኮ" አሉ፣ "ዶሮውን እፈልገው ነበር።"