ሃያ ሦስት ሰው የገደልኩበት ቅዳሜ

በዚህ ዓለም ላይ አጥብቄ የምፈራው «በጣም ቀላል ነው» የሚል ሰው ነው። እባብ እንኳ ከመንደፉ በፊት ትንሽ ያፏጫል። «በጣም ቀላል ነው» ባይ ግን የሚመጣው ፈገግ እያለ ነው። ሐኪሙ መርፌውን ከጀርባው ደብቆ «በጣም ቀላል ነው» ይላል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ዘመዳችሁም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ፣ ቁም ሣጥን ተሸክማችሁ ደረጃው መሀል የቀራችሁትን እናንተን ወደ ታች እያየ ይህንኑ ይላችኋል። እናንተም አንድ ቀን ለአንድ ምስኪን ብላችሁታል፤ አትካዱ።

እኔን እንዲህ ያለችኝ ኮምፒውተር የምታውቅ ሴት ናት፤ ስለዚህ ጉዳቴ እጥፍ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አቃቂ በሰቃ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ሁለት መንግሥት ሲወድቅ እኔ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። መዝገቤ በአቡጀዲ የተለበደ፣ ሁለት ጎረምሳ የሚያነሳው ድርሳን የሚያህል ነገር ነበር፤ የእጅ ጽሑፌ ደግሞ እንዲህ ነው አይባልም። በእኔ ብዕር «ሟች» ተብለው ለመጻፍ ሲሉ ቀናቸው ሳይደርስ የሞቱ ሰዎች አውቃለሁ ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ። በሉኝ፣ ግድ የለም።

ታዲያ አቶ ግርማ ተስፋዬ ጡረታ ወጣ። ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስብሰባ የለመደ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ያደርጋል? ስብሰባ ፍለጋ ይወጣል። እኛን አገኘን። በመጀመሪያው እሑድ እጁን አወጣና «የአሠራር ክፍተት» አለ። በሁለተኛው «ማነቆ» አለ። በሦስተኛው፣ ወደ እኔ እያየ፣ «የአመለካከት ችግር» አለ። የግምገማ ዘመን ሰው የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከሦስተኛው ቃል በኋላ የሚመጣው ወንበር መልቀቅ ነው።

በአራተኛው እሑድ ሦስት ውሳኔ አስወሰነ። አንደኛ፣ የአባላቱ ዝርዝር በአንድ ወር ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይውጣ፣ አባላቱም በስልካቸው የሚያዩት ገጽ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲያ መዝገብ ማለት ኮምፒውተሩ ብቻ ነው፣ የአቡጀዲው ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ። ሦስተኛ፣ ጸሐፊው እንዳሻው እንዳይሰርዝና እንዳይደልዝ፣ ማንኛውም ማስተካከያ በጽሑፍ ማመልከቻና በደጋፊ ማስረጃ ብቻ ይሁን። ይህን መፈጸም የማይችል ጸሐፊ ደግሞ ለሚችል ይልቀቅ፤ ወሩ ሲሞላ ምርጫ ይደረጋል። የሚችለው ማን እንደሆነ ለማወቅ መጨነቅ አላስፈለገንም። ግርማ የኮምፒውተር ሥልጠና የወሰደበትን የምስክር ወረቀት በፕላስቲክ አስለብጦ በኪሱ ይዞት መጥቶ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ አላስመስልም። ያ ወንበር ለሌላው ወንበር ነው። ለእኔ ግን፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ የሚያንኳኳው ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። ጸሐፊነቱ ሲቀር በሩም አብሮ ዝም ይላል።

ስለዚህ ወደ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ይነግዳል። ልጁ ሙና ገላን ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ መሀል ከተማ ፕሮግራም እየጻፈች ትተዳደራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፗን ተሸክማ አባቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። ችግሬን ነገርኳት። ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ በጣም ቀላል ነው።»

እባቡ ትዝ ብሎኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

እንደ ሌላው ሰው ደብዳቤ በሚጻፍበት ፕሮግራም እጀምራለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን ያ ውስጥ ውስጡን የራሱን ነገር ይጨምራል፣ ለገጽ አይሆንም አለችና ፕሮግራመሮች የሚጽፉበትን ከፈተችልኝ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ኤዲተር። በአማርኛ የጽሑፍ ማረሚያ ቢባል ነው።»

በእኛ ሰፈር ማረሚያ ከተባለ ሰው ስንቅ መቋጠር ይጀምራል። ሸምሱ ከባንኮኒው ማዶ ስኳር እየመዘነ፣ «ስንት ዓመት ተፈረደባቸው?» አለ።

ነገርየው ሲከፈት ጥቁር ነው። «መብራት ሄደ እንዴ?» አልኳት። «አይ ጋሼ፣ መልኩ ነው» አለች። አቃቂ ለኖረ ሰው ይህን ማመን ቀላል አልነበረም፤ አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁ። በግራ በኩል፣ እኔ ገና ፊደል ሳልነካ፣ «1» ብሎ ወረፋ ይዞ ይጠብቀኛል። መጻፍ ስጀምር ቃላቱ በየራሳቸው ቀለም ይለብሳሉ፣ አንዱ ብርቱካን፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ልክ ሠርግ እንደተጠሩ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሳልጨርስ መጨረሱ ነው። ሁለት ፊደል ስመታ፣ ሊሉ የፈለጉት ይህን ነው አይደል ብሎ ያቀርብልኛል። ግምገማ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ነበረኝ፣ ቁርጥ እሱን።

የመጀመሪያውን ገጽ ብቻዬን ጻፍኩና አሳየኋት። አንብባ አንብባ፣

«ጋሼ፣ ይኼ ለማን ነው?» አለች።

ከላይ ቁጥር አለ። ቀን አለ። «ጉዳዩ፦ የአባላትን ስም ዝርዝር ስለማሳወቅ» ይላል፣ ከሥሩ ተሰምሮበታል። ከግርጌ «ከሰላምታ ጋር» አለ፣ ከዚያም ግልባጭ ለሚመለከታቸው።

«ለኮምፒውተሩ ነዋ» አልኳት። «ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡት ሥራ ይታዘዛል?»

ሁሉንም ሰረዘችው። «ከሰላምታ ጋር» የምትለዋን ግን ለመንኳት፤ እሷን ካጣሁ እጄ መጨረሻውን አያውቀውም። አዘነችልኝና በሁለት ትንንሽ ምልክት መሀል ሸሸገችልኝ። እዚያ ውስጥ የተጻፈውን ሰው ያየዋል እንጂ ማሽኑ አያነበውም አለችኝ። ስንት የሥራ ዘመን ሪፖርቴ እዚያ ምልክት ውስጥ እንደተጻፈ ያን ቀን ገባኝ።

ሌላም አስተማረችኝ። ነጭ ነጥብ ካየሁ ሥራዬ አልተቀመጠም ማለት ነው። ያበላሸሁትን ነገር ደግሞ ሁለት ቁልፍ አብሬ ስጫን ወደነበረበት ይመለሳል። ይህን ስትነግረኝ ቁልፎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። በሃያ ዓመቴ ብታሳየኝ ኖሮ ይህን ወግ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

በአራት ቅዳሜ፣ በሁለት ጣት፣ የአባላቱን ስም ሁሉ ጻፍኩ። ልጨርስ ስል በዚያው ሳምንት ጋሽ ተስፋዬ አረፈ። የባቡር ሠራተኛ የነበረው። ሰፈሩ «ባቡሩ ተስፋዬ» ነው የሚለው፣ መዝገቡም ላይ እንደዚያው ነው የሰፈረው፤ የአባቱን ስም የጠየቀው የለም። በእኛ ደንብ አባል ሲሞት ከስሙ ቀጥሎ «ሟች» ይባላል፣ ባለቤቱ ትተካለች። ያን ቅዳሜ ሙና ጓዳ ከእናቷ ጋር ናት። እኔ ደግሞ ፈልጎ መተካት የሚባለውን ትምህርት ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ልሞክረው እጄን ይበላኛል። «ተስፋዬ»ን ፈልግልኝ አልኩት። «ተስፋዬ – ሟች» ብለህ ተካው አልኩት። አንዱን ነው ወይስ ሁሉንም የሚል ዓይነት ነገር ጠየቀኝ። እኔ በሥራ ስስታም አይደለሁም፤ ሁሉንም አልኩት።

ከታች ጥግ ላይ «23» ብሎ ጻፈልኝ። ውጤቴ መሰለኝ፣ ከመቶ። ከፋኝ። በተማርኩበት ዘመን ከሃምሳ በታች አምጥቼ አላውቅም። ነጩን ነጥብ አጥፍቼ፣ ላፕቶፑን ሳልዘጋ፣ እያጉረመረምኩ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ጠዋት በእድሩ ቤት ተሰበሰብን። ሙና ላፕቶፗን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው፣ ጥቁሩ ገጽ ስክሪኑን ሞላው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ግርማ ተነሣና «ለግልጽነት ሲባል ዝርዝሩን እኔ ላንብብ» አለ። ያንብብ ተባለ። ስም ጠርቶ፣ አቤት ተብሎ፣ ስም ጠርቶ፣ አቤት ተብሎ፣ «አበበች ተስፋዬ» ላይ ደረሰ።

«አቤት» አለች አበበች።

«ሟች» አለ ግርማ፣ ያየውን አንብቦ።

አበበች ዙሪያዋን አየች። «ታዲያ ጠዋት ያን ሁሉ ሽንኩርት የከተፍኩት ለራሴ ሐዘን ነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ግርማ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ በራ። «ይኸው፣ ይኸው የአሠራር ክፍተት» አለና በፍቅር ማንበቡን ቀጠለ። ሟች በተገኘ ቁጥር ድምፁ እየወፈረ ሄደ። እኔ እየጠበብኩ ሄድኩ። ሃያ ሦስት የፈተና ውጤት ሳይሆን የሬሳ ቁጥር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ወይ የእኛ ነገር፣ ማናችንም ስማችንን ብቻ ይዘን አንሄድ፤ አባታችንን አስከትለን ነው። የአንዱን ባቡሩ ተስፋዬን ስም ልሸኝ ብዬ ከየተስፋዬው የተወለደውን ሁሉ አብሬ ሸኝቼዋለሁ።

ግርማ ድንገት ማንበቡን አቆመ።

«ቀጥል እንጂ» አሉ ሰብሳቢያችን። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያረጁ ሰው ናቸው፣ በአንቀጽ ካልሆነ አያስነጥሱም።

«ግርማ ተስፋዬ…» አለ ግርማ፣ ቀስ ብሎ።

ከኋላ አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ።

«እኔ እኮ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«መቆምህን እያየን ነው» አሉ ሰብሳቢያችን፣ ቃለ ጉባኤውን እየገለጡ። «ግን መዝገብ ማለት ኮምፒውተሩ ነው ተብሎ ተወስኗል። ማስተካከያ በጽሑፍና በደጋፊ ማስረጃ ይላል። ሐሳቡን ያቀረበው ማን ነበር?»

ሌሎቹ ሟቾች እየተሳሳቁ ፍርዱን ተቀበሉ፤ አበበችማ ከዛሬ ጀምሮ መዋጮ አይመለከተኝም አለች። ሟች ለምርጫ ስለማይቀርብና ሌላ ተወዳዳሪ ስለሌለ ግን ምርጫው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ «ጋሼ፣ ሁለቱን ቁልፍ ይጫኗቸው፣ አሁኑኑ ይመለሳል» አለችኝ።

«ጣቴን ቁርጥማት ይዞኛል» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ራሷ ልትጫነው እጇን ስትዘረጋ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ነበርና እሱም አብሮ ጠፋ። ሃያ አራተኛው ሟች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቁልፍ ምንም የሚያስታውሱት አልነበረም።

ግርማ በማግሥቱ መኖሩን ለማስመስከር አንድ ቢሮ ሄደ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ እኔና እናንተ ወረፋው ላይ ተያይተናል። ሰኞ «ሲስተም የለም» ተባለ። ማክሰኞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ረቡዕ ኃላፊው ተገኙ፣ አዳመጡት፣ አዘኑለት፣ «በሕይወት ስለመኖርዎ ከእድርዎ የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ» አሉት።

ሐሙስ በሬ ተንኳኳ።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር» አለ ግርማ፣ ኮፍያውን አውልቆ።

«ስለምን ጉዳይ?»

«ስለ… መኖሬ።»

«ደብዳቤ የምንጽፈው ለአባል ነው፤ ለሟች ልማዱ የለንም።»

ኮፍያውን በእጁ አዞረ። ከዚያ፣ «ጸሐፊነቱም ቢሆን… ከእርስዎ ጋር ያምራል። የምርጫውን ነገር ትቼዋለሁ» አለ። ሰው መኖሩን ለምኖ ሲቆም ማየት ደስ አይልም። ትንሽ ግን ደስ ይላል። ወንበር ሰጠሁትና በዕድሜዬ ያማረውን ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ የተሰመረበት፣ ማኅተም ያረፈበት። «ከሰላምታ ጋር» የምትለዋን ሳሰፍር እጄ ከስደት እንደተመለሰ ሰው አለቀሰ።

ግርማ ሦስት ማኅተም ያለበት ማስረጃ ይዞ መጣ። ሰብሳቢያችን የቀሩትም አንድ በአንድ ቢሮ ሲመላለሱ ዓመት ሊያልቅ ነው ብለው ሁሉም ይስተካከል አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ተስፋዬ – ሟች» የሚለውን ፈልጌ በ«ተስፋዬ» ተካሁት። ሁሉንም። «23» አለኝ። በዚህኛው ኮራሁ፣ የገደልኩትን አንድ ሳላስቀር አስነሣሁ።

ቆጠራ የምትወዱ ሰዎች ከእኔ ቀድማችሁ ደርሳችኋል።

ሦስት ስብሰባ አለፈ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ለቀረ አባል ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፣ ኮምፒውተሩ የቀሪዎቹን ስም አውጥቶ ሰጠኝ፣ እኔም ፈርሜ በየቤቱ አስላክሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የባቡሩ ተስፋዬ ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች ደብዳቤዋን አጥፋ ይዛ ሸምሱ ሱቅ መጣች።

«ላደርስለት ሄጄ ነበር» አለችኝ። «መቃብሩ ላይ ቆሜ አነበብኩለት። መልስ የለውም።»

ይህን ግርማ ከሰማ ጸሐፊነቴም በሬም አበቃላቸው። ሙና ላፕቶፑን ከፈተችልኝ፣ ስሙን ፈለግኩ፣ አንዱን ብቻ፣ በዚህኛው አንዱን ብቻ። ልጽፍበት ስል ዘነበች እጄን ያዘችኝ።

«ይተዉት» አለች። «የጡረታው ወረቀት ሟች ነው የሚለው። የቤቱም፣ የመብራቱም። ከልጄ ስልክ ላይ የእናንተን ገጽ ሳየው እንደ ሰው ተሰልፎ አለ። አንድ ቦታ እንኳ ይኑር።»

ሙና ስክሪኑን ታያለች። ሸምሱ የሚመዝነው ስኳር አልቆበት ባዶ ሚዛን ይመዝናል። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። ነጩ ነጥብ የለም፤ ምንም አልተነካም።

አሁን በየስብሰባው ዝርዝሩን የማነብ እኔ ነኝ። «ባቡሩ ተስፋዬ» ስል ዘነበች ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «አለ» ትላለች። ሰብሳቢያችን ብዕራቸውን ይመረምራሉ። ግርማ ቀና ይላል፣ አፉን ይከፍታል፣ ማስረጃ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ አየዋለሁ። ከዚያ ሰኞን፣ ማክሰኞንና ረቡዕን ያስታውስና ኮርኒሱን ማየት ይጀምራል።