በንፋስ ላይ የቀረበ ክስ

ትናንት ቀትር ላይ ስንዱ ሕልም አየች። የዘጠኝ ቀን አራስ ናት፤ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ሊያርሷት ከገጠር የመጡት እናቷ ወይዘሮ አስካለ የከተማውን ብርድ ጭራሽ አያምኑትም። በሩን ዘጉ፣ የመስኮቱን ክፍተት በነጠላ ወተፉ፣ ከሰል የተቀጣጠለበትን ምድጃ ወደ አልጋው አስጠጉላት። ስንዱም ልጇን አቅፋ እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ከሰል ልትገዛ ገበያ ወጣች። ሰዎች ጆንያ ተጭነው ይሄዳሉ፤ አህዮች ዱላ ይዘው ከኋላ ይነዷቸዋል። አንዱ አህያ ነጭ ጋውን ለብሶ ነበርና ተከተለችው። ጤና ጣቢያ ገባ። እዚያ ጭስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይስላል። በሳለ ቁጥር ከአፉ ሰው ይወጣል። አንድ ደላላ ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለት አስተማሪዎች ወጡና ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ።

«ሰው መሳብ የጀመርከው መቼ ነው?» ሲል አህያው ጠየቀው።

«ከልጅነቴ ነው ዶክተር። ያደግኩት ባንድ ክፍል፣ ከስድስት ሰው ጋር ነው።»

«መስኮት የለውም?»

«አለው። እንዳልወጣ ወትፈውበታል።»

አህያው አዘነለት። ሞቅ ያለ ቤትና አጠገቡ የምትተኛ ሕፃን አዘዘለት። ስንዱ ዞር ስትል ልጇ ጭሱ እቅፍ ውስጥ ናት።

«ልጄን ስጠኝ» አለችው።

«ፍርድ ይሰማ እንጂ» አለ ጭሱ በጨዋ ደንብ።

ጤና ጣቢያው ፍርድ ቤት ሆነ፤ አህያው ዳኛ። ሁለት ፖሊሶች ንፋስን በካቴና አስረው አቀረቡት። ክሱ አራስ መምታት ነው። ንፋስ አንገቱን ደፋ።

«ልጠይቃት ብዬ ነው የመጣሁ ጌታዬ። ገንፎም አልቀመስኩ።»

«አራሷ ትመስክር» አለ አህያው። «መቶኛል ካልሽ እሱ ይታሰራል፣ ልጅቱም ከጭሱ ጋር ትቀራለች። አልመታኝም ካልሽ ልጅሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

ስንዱ «አልመታኝም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ግን አልላወስ አላት። በጣም ፈራች። ልጅቷ ጭሱ ክንድ ላይ ልቅሶዋን ትታ ጸጥ አለች።

«ዝም ካለች መቷታል ማለት ነው» ብሎ አህያው ብዕሩን አነሳ።

ያኔ ባነነች። ራሷ ሊፈነዳ ደርሷል፤ እግሯ አልታዘዝ አላት። ከሰሉ እንደቀላ ነው። እናቷ ግድግዳውን ተደግፈው አንገታቸው ወድቋል። ልጅቷ አታለቅስም። ስንዱ ከአልጋው ወርዳ በደረቷ ተሳበች፤ ነጠላውን መዝዛ መስኮቱን በረገደችው። ንፋስ ገባ። ቆይቶ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ልጅቷ አስነጠሰችና መጮህ ጀመረች። ስንዱም አብራት አለቀሰች።

ወይዘሮ አስካለ በልቅሶው ነቁ። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና አስመለሳቸው። ከዚያ መስኮቱን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ በአራስ ገላሽ መስኮት ትከፍቻለሽ? ይኸው፣ ገና ከመግባቱ ራሴን መታኝ።»

እየተንገዳገዱ ነጠላውን ከወለሉ አነሱ። ስንዱ አሁን ምላሷ ተፈታላት።

«እኔን አልመታኝም እማዬ። ሊጠይቀኝ ነው የመጣ። ገንፎም አልቀመሰ።»

እናቷ ግንባሯን ዳሰሱና አማተቡ።

«ማቃዠት ጀመራት» አሉ፤ መስኮቱንም መልሰው ዘጉት።